አንድ ጉማጅ ወይራ

ዛፍ መቁረጥ ከተከለከለ ወዲህ ለአንድ ሰው በዕድሜው የሚደርሰው አንድ ጉማጅ እንጨት ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ ጊዜ ከወደቀ ዛፍ። የቦንጋዋ ነርስ አስካለች ድርሻዋ በአርባ ዓመቷ ደረሳት። ለልጇ ጎድጓዳ ሳህን ልትሠራበት ፈልጋ ወይራውን ታቅፋ በቶርኖ፣ እንጨት በሚያሽከረክረው ማሽን፣ ዕቃ ወደሚቀርጹት አዛውንት ባለሙያ፣ ወደ ጋሽ ገብረየስ ሄደች።

“መሮውን መጀመሪያ የማሽኑ መደገፊያ ላይ አሳርፊው፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ እንጨቱ አስጠጊው” አሏት።

እንጨቱ እየተሽከረከረ ክብ መሆን ጀመረ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ጠረኑን ለማሽተት ፍቅፋቂውን ይሻማሉ። አስካለች ቀና ብላ ስታያቸው መሮው ተንሸራቶ የሳህኑን ጠርዝ ገነጠለው።

ማሽኑን አጥፍታ አለቀሰች። “ሌላ እኮ አላገኝም፣ ጋሽዬ!”

ጋሽ ገብረየስ ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“ዙሪያውን እስከዚህ ድረስ እንቀንሰዋለን። ሳህን ባይሆን ኩባያ ይወጣዋል። ነይ፣ አብረን እንያዘው።”

ከሰዓት በኋላ ልጇ ቃልኪዳን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአዲሱ ኩባያ ውሃ ቀርቦ ጠበቃት። ተጎነጨችና ከንፈሯን ላሰች።

“እማ፣ ይሄ ውሃ ምን ምን ነው የሚለው?”

“ዛፍ ዛፍ” አለቻት አስካለች፣ እየሳቀች።