የጎደለው ነጥብ

"እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ና" አለችው እህቱ በስልክ።

ገባው። የአባታቸውም መርዶ የጀመረው እንዲሁ ነበር፤ በነሱ ቤት ሞትን በስልክ የሚናገር የለም። አልቅሶ ሲያበቃ ቲኬት መፈለግ ጀመረ። ቀጥታው በረራ በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ግን በአየር መንገዱ የደንበኞች ማኅበር የወርቅ አባል ለመሆን የጎደለውን የበረራ ነጥብ አይሞላለትም። በሸሪክ አየር መንገዶች ሁለት አገር አቋርጦ ቢሄድ ይሞላል፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ያጠራቀመው ነጥብ የሚሰረዝበት የዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል።

"እሷ እንደሆነ ዛሬ ተቀብራለች" አለና የረጅሙን ጉዞ ቲኬት ቆረጠ።

በመጨረሻው መሸጋገሪያ ጥቁር ሸሚዝ ገዝቶ ለበሰ። አዲስ አበባ እንዳረፈ ስልኩ ላይ መልእክት ገባ፦ "እንኳን ደስ ያለዎት፤ የወርቅ አባል ሆነዋል።"

እቤት ሲደርስ ጎረቤቶች ድንኳን እየተከሉ ነበር። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ሸሚዙን አየችው።

"ማን ነገረህ?" አለችው። "ካረፈች እኮ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላትም። ሦስቱን ቀን ሙሉ ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር 'እሱ ነው?' ስትል ነበር።"