የተጠረገው ሜዳ

ከክልሉ ቢሮ የመጣው ገምጋሚ ብዕሩን ሲያወጣ፣ የሰፈሩ አዛውንት እማማ መጥረጊያቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ልጆቹ አስፋልት ላይ መጫወት እንዲተዉ፣ ሰፈሩ የቆሻሻ መኪና የሚደፋበት ሜዳ ታጥሮ መናፈሻ ይሁንልን ብሎ አመልክቶ ነበር። ታዲያ እንግዳን ቆሻሻ መሃል ይቀበሉታል እንዴ? ነዋሪዎቹ የቆሻሻ መኪናውን ሾፌር “እንግዳው እስኪሄድ አትድፋብን” ብለው ለምነው፣ ሽማግሌ ወጣት ሳይሉ ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳውን እንደ ሳሎን አጸዱት።

“እማማ፣ እንዴት ያምራል!” አለ ገምጋሚው።

“እንግዳ ክቡር ነው ልጄ።”

“እሱስ ልክ ነው። ግን ቅጹ ላይ ብዙ ነጥብ የሚሰጠው ‘የችግሩ ክብደት’ ለሚለው ነው። እኔ ደግሞ የምሞላው በዓይኔ ያየሁትን ነው።”

“ኧረ የኔ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት ብትመጣ አፍንጫህን ይዘህ ነበር የምትሮጠው!”

ገምጋሚው ሳቅ አለና ዜሮ ጻፈ፤ ፈርሞም መኪናው ውስጥ ገባ። እማማ መጥረጊያውን ከጀርባቸው አወጡና፣ የሚያደርጉት ቢጠፋቸው ንጹሑን መሬት እንደገና ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ገምጋሚው ከመታጠፊያው እንደተሰወረ የቆሻሻ መኪናው መጣ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በአክብሮት ጠየቃቸው።

“እማማ፣ እንግዳችሁ ሄደ? አሁን ልድፋ?”