የሐዘን ቤት ባትሪ

በድሬዳዋ ጎርፍ የመብራት ምሰሶ በጣለ ቁጥር ቤቶች ሁሉ ከቤት ባትሪያቸው ኃይል ለእድሩ የጋራ መስመር ያዋጣሉ፤ ለቅሶ ቤት ግን እስከ አርባው አይነካም። ባሏን ከቀበረች ሳምንት የሆናት ጽጌማርያም፣ በሕመሙ ወራት ያቀዘቅዘው የነበረውን ቬንትሌተር ማጥፋት አቅቷት፣ ባዶ አልጋው ላይ በባትሪዋ እንደተከፈተ ትታዋለች።

ያን ቀንም ምሰሶ ወድቆ መዋጮ የሚሰበስቡት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኡመር በሯን አልፈው ሲሄዱ፣ ስለ ጎረቤቷ ልጅ «የሙና ሕፃን የኦክስጅን ማሽን ሊጠፋ ነው» ሲሉ ሰማች።

«ጋሽ ኡመር! ምነው የኔን ቤት ዘለሉት?»

«ደንብ ነው ልጄ፤ ሐዘንተኛ አይጠየቅም።»

«ማን ጠየቀኝ? እኔው ሰጠሁ እንጂ!»

ቬንትሌተሩን በገዛ እጇ አጥፍታ የባትሪዋን ኃይል ለመዋጮው ለቀቀች። ክፍሉ ወዲያው ታፈነ። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ማዶ የሙና ሕፃን ትንፋሽ አግኝቶ ጮኾ አለቀሰ። በዚያ ሳምንት ከሰማችው ለቅሶ ሁሉ ደስ ያሰኛት ይህ ብቻ ነበር።