ወረቀት ላይ የዘገየው እሳት

ትሕትና ከቀበሌው ስብሰባ ሮጣ መጥታ ጓዳ ገብታ ደብተሯን ዘረጋች።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ተናግራለች። በዚህ መንፈቅ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ የአየር ንብረት ክበቡ ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ አፏ ተፈቷል። ክበቡን የሚመራው መምህር ድረስ ባሕር ዳር ለሥልጠና ስለሄደ፣ ከደብረ ማርቆስ ለክበቡ የሚላከውን፣ ሳተላይት ያየውን እሳት የሚዘረዝር የእንግሊዝኛ ወረቀት ያነበበችው እሷ ናት። የማክሰኞው የኮረብታ እሳት መጀመሪያ የታየው አስር ሰዓት ከአርባ ላይ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ ያህል ሆነ። አመሻሹ ላይ ኮረብታው ላይ የነበረው አያ ፈንታ ብቻ ነው፤ ጭስ ይዞ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ደግሞ ግማሹ ነዷል።

«እኔ ስደርስ እሳቱ ቀድሞኝ ነበር» አለ ፈንታ። የሰማው የለም።

አባቷ ዓለምነውም ተጠይቆ ነበር። እሱ ኮረብታው ላይ ያለውን የማሳውን ምንጥር ያቃጠለው በጠዋት ነው፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ አጥፍቶ ወደ ቤቱ ወርዷል። ወረቀቱ ነጻ አወጣው። እትዬ ደብሪቱ፣ ሰማይ ላይ ያለው ነገር ይህን ያህል የሚያይ ከሆነ የጠፋችውን ጊደሬንም ይፈልግልኝ ብለው ሰውን አሳቁ። ሊቀመንበሩ አቶ ደመላሽ ግን ፈንታን እዚያው አሰሩት፤ ነገ የወረዳ ፖሊስ መጥቶ ይወስደዋል።

ፈንታ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ። «አንቺ ልጅ፣ በደንብ አይተሽዋል?»

ይሄ ጥያቄ ነው አልለቃት ያለው። በክበቡ ዘዴ ላረጋግጥ አለች። የዓለምን ሰደድ እሳት የሚያጠኑትም እንዲሁ ነው የሚያሰሉት ብሏቸዋል መምህር ድረስ፤ እሳቱ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ፣ ጭሱ ስንቱን አየር እንደሚያሞቅ፣ የከርሞን ዝናብ እንዴት እንደሚያዛባ።

ኮረብታውን ወረቀት ላይ በካሬ ከፋፈለችው። ሳር ያለበትን ለየች፣ ድንጋዩን ለየች፣ የነፋሱን አቅጣጫ አስገባች። ከአስር ሰዓት ከአርባ ጀምራ እሳቱን ካሬ በካሬ አስኬደችው። ደኑ ጋ የደረሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሆነ። ደኑ ሲነድ ግን አገር ሁሉ አይቷል፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።

አጠፋችና እንደገና ጀመረች። ነፋሱን አበረታች። ሳሩን አደረቀች። አሁን ደግሞ ነፋሱ የማክሰኞው ነፋስ አልሆን አለ። ወደ ልኩ ስትመልሰው እሳቱም ተመልሶ ስድስት ሰዓት ይዘገያል። አራት ጊዜ ሠራችው፣ አራቱንም ጊዜ ያው። ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው፤ እሷም ደብተሩን ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

አባቷ በበሩ ብቅ አለ። ደብተሩን አንስቶ አቧራውን አራገፈላት።

«በቃሽ ልጄ» አላት ቀስ ብሎ። «የተናገርሽውን ተናግረሻል። ምን አስቆፈረሽ?»

እራቷን ሳትበላ ጋደም አለች፤ ያ ስድስት ሰዓት ግን እንቅልፍ ነሳት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ ያደረገችው የአቶ ደመላሽን በር ማንኳኳት ነው። «ወረቀቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በኛ ጠዋት አራት ሰዓት ከአርባ ነው» አለች። «አያ ፈንታን ይልቀቁት። አባቴ እቤት ነው።»