እህቱ መጨረሻ ላይ የሰማችው ግኝት

«አገኘሁት! እህቴ… አገኘሁት!»

በሩን ሳያንኳኳ ነው ዘው ብሎ የገባው።

እህቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችው እንጂ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ሰውዬው ተመራማሪ ነው። የመስማት ችግር በዘር እንዴት እንደሚወርድ ሲያጠና ነው ፀጉሩ የሸበተው።

ለምን ይህን መረጠ? በእናቱ ምክንያት።

እናታቸው በወጣትነቷ በጠና ታማ ሆስፒታል ገባች… ከሞት ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን መስማት አቆመ። የእናታቸው እህት፣ አክስታቸውም እንደዚሁ።

«የልጆቼን ሳቅ በዓይኔ ነው የምሰማው» ትል ነበር እናት።

እሷ ስትሞት «ምክንያቱን ሳላገኝ አላርፍም» ብሎ ማለ።

የአክስቱን ደም ቀዳ፣ የእህቱን ቀዳ፣ የዘመድ አዝማዱን ቀዳ…

«ደሜን ጨረስከው እኮ! ተመራማሪ ነህ ወይስ የወባ ትንኝ?» እያለች እህቱ ትስቅበት ነበር።

ከዓመታት ልፋት በኋላ፣ እዚያው በገዛ ቤተሰቡ ደም ውስጥ ምክንያቱን አገኘው።

አብራው የምትሠራው የላብራቶሪ ባለሙያ ደነገጠች።

«ዶክተር፣ ይሄ ለቤተሰብዎ ዛሬውኑ መነገር የለበትም?»

«ትንፍሽ እንዳትዪ! የምርምር ጽሑፋችን መጽሔት ላይ ሳይወጣ ወሬው ካፈተለከ ሌሎች ይቀድሙናል።»

«እህትዎ እኮ ትንሽ ልጅ አለቻቸው…»

«ጥቂት ወር ነው። በጥቂት ወር ምን ይመጣል?»

ወራት አለፉ… ጽሑፉ ወጣ። ባልደረቦቹ አጨበጨቡለት። ያን ቀን ወደ እህቱ ቤት የበረረው ይህን ሊያበስራት ነው።

የእህቱ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ወለሉ ላይ ሥዕል ትሥላለች።

«ወሬኛዬ! ነይ እስኪ አጎትሽን ሳሚ!»

ቀና ሳትል ሥዕሏን ቀጠለች።

ድሮ ድምፁን ከደጅ ስትሰማ ነበር ሮጣ አንገቱ ላይ የምትጠመጠመው።

«ምነው… አኩርፋኛለች እንዴ?»

«አትሰማህም» አለች እህቱ።

«ምን ማለት ነው?»

«ባለፈው ወር ታመመችብኝ። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገባ ብለው ሆስፒታል አስተኟት። መርፌ ጀመሩላት… ዳነች። ጆሮዋ ግን እንደ እማዬ ሆነ። ስንቴ ደወልኩልህ! ስልክህ ዝግ ነው።»

ስልኩን የዘጋው የጽሑፉን የመጨረሻ እርማት ለመጨረስ ነበር።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እህቱ ግን ጠጋ አለችው። ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር።

«አገኘሁት ያልከው… መድኃኒቱን ነው አይደል? ልጄ ትድንልኛለች?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ!

«መድኃኒት አይደለም… ምክንያቱን ነው። እማዬን ያደነቆራት በሽታው አልነበረም። መርፌው ነው። ለሌላው ሰው ፈውስ የሆነው መርፌ፣ የኛ ዓይነት ዘር ላለው ሰው የጆሮ መርዝ ነው። ሌላ መድኃኒት ከሰጡት ዕድሜ ልኩን ይሰማል።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ዓይኑን ወለሉ ላይ ወዳለችው ልጅ መለሰ።

«ሳትታመም በፊት?»

በአንገቱ «አዎ» አላት።

«ከእኔ? እኔ የት አሳትመዋለሁ ብለህ ነው የደበቅከኝ?!»

አጎንብሶ ቀረ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ያንተ ልጆችስ?»

«ከእናት ብቻ ነው የሚወርደው… የኔዎቹን አይነካቸውም።»

ትክ ብላ አየችው።

«እንደሱ በል እንጂ… ለዚህ ነዋ ያልቸኮልከው!»

 

ልጅቷ በታከመችበት ሆስፒታል ሐኪሞቹ ዛሬ መርፌውን ከማዘዛቸው በፊት «በእናት ወገን መስማት ያቆመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሌሎች ሰዎች ልጆች ከመደንቆር ተርፈዋል። እሱም ተሸልሟል… እህቱ ሽልማቱ ላይ አልተገኘችም።

ትንሿ ልጅ ከንፈር ማንበብ እየተማረች ነው። አጎቷ ሲመጣ አፉን አፉን ታየዋለች…

እሱ ግን የሚላት ነገር ይጠፋዋል።

ወዳጆቼ… «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል ሰምተን እናልፋለን። እዚህ ቤት ግን የልጅቷን ጆሮ ባዳ ያደረገው የገዛ አጎቷ ነው።

ክብር ቢዘገይም ክብር ነው። የዘገየ ማስጠንቀቂያ ግን መርዶ ነው። ሰው የሚያድን ነገር ካወቃችሁ፣ ጭብጨባውን አትጠብቁ… ተናገሩ!

እውነት ለመናገር፣ እኔ «ይቅር በይው» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

እናንተስ? በእህቱ ቦታ ብትሆኑ በሩን ትከፍቱለት ነበር… ወይስ ትዘጉበት ነበር?