የኔን ስጡት

ጁነይድ ደረት ውስጥ የተተከለው ፓምፕ ሳይመታ ደም ስለሚገፋ፣ እጁ ላይ ትርታ አይገኝም። ሚስቱ በድሪያ ግን ልማድ ሆኖባት ጠዋት ጠዋት የእጁን አንጓ ትዳብሳለች። ከዚያ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ትለጥፍና እንደ ፍሪጅ እምም ሲል ስትሰማ ባትሪውን ትቀይርለታለች።

ዛሬም ይህንኑ ጨርሳ ሆስፒታል ደወለች። የልብ ንቅለ ተከላ አስተባባሪዋ እንደ ወትሮው «ተራችሁን ጠብቁ» አለቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው መልሱ። ሩቅ መሄድ የለ፣ እንግዳ መጥራት የለ፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር የባትሪ ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ብቻ።

«ሌላ ልብ ከጠፋ የኔን አውጥታችሁ ስጡት» ብላ በድሪያ ስልኩን ዘጋችባት።

«ተዪ እንጂ፣ እሷ ምን ታድርግ?» አለ ጁነይድ። ጎረቤታቸው ለጁምዓ ሊወስደው መጥቶ ነበርና ቦርሳውን አንግቶ ተከትሎት ወጣ።

እምም የሚለው ድምፅ ግን ቤት ቀረ። በድሪያ እየተነጫነጨች ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለችው፤ ድምፁ አልጠፋም። ሳሎን ስትገባ ተከተላት፣ ኮሪደር ስትወጣም ተከተላት።

ስልኩ ጠራ። አስተባባሪዋ ነበረች።

«ልብ ተገኝቷል» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ። «ባልሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ። አንቺም እንዳትቀሪ።»

በድሪያ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የራሷን አንጓ ዳበሰች። ጣቷን አዘዋውራ ደግማ ዳበሰች።

አይመታም።