ወባ ነው ብላ የደመደመችው መምህርት

«ወባ ነው አልኩዎ እኮ ዶክተር! መድኃኒቱን ይዘዙልኝና አባቴን ይዤ ልሂድ!»

ማስተዋል ናት የምትጮኸው... ቆላዋ ከተማ ሸሕዲ፣ ሆስፒታል ውስጥ።

አልጋው ላይ አባቷ የኔታ ፀሐዩ ተኝተዋል። ትኩሳቱ እንደ እሳት ያቃጥላቸዋል፤ ሰውነታቸው አልቆ አጥንታቸው ቀርቷል።

የሰሊጥ አጫጆቹን ሊያጽናኑ፣ ሊያስተምሩ እርሻ ወርደው፣ ግራር ሥር ሲያድሩ ነው የከረሙት።

እኛ ቆላ ደግሞ ሰው ካተኮሰው ማን ይመረምራል? ወባ ነው ይባላል፣ አለቀ!

እሷም ሳታስመረምር የወባ መድኃኒት እየገዛች ስትሰጣቸው ከረመች... ጭራሽ ባሰባቸው!

ወጣቱ ዶክተር ደረበ ግን አልቸኮለም። ሆዳቸውን ዳበሰ። ጣፊያቸው አብጧል።

«ወባ ሊሆን ይችላል» አለ። «አንድም...»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንድም ምን?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«አንድም ካላዛር፣ የኔታ። ግራር ሥር ላደረ ሰው የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታመጣው በሽታ።»

ደማቸው ተመረመረ... ካላዛር ሆኖ ተገኘ! ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እኮ አባቷን ልትቀብር ነበር!

መርፌው ተጀመረ። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ለቀቃቸው፤ እህል አምጡልኝ ማለት ጀመሩ። ማስተዋል በደስታ አለቀሰች።

«እግዜር ይስጥዎ ዶክተር! ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረዎ?»

«ሕክምናውን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው መልስ አለመርካትን ግን ያስተማሩኝ... እኚህ ናቸው!»

ወደ አልጋው ጠቆመ።

«ጎረምሳ ሳለሁ እሳቸው ጉባኤ ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ስማር፣ አንዷን ቃል ፈትቼ ላርፍ ስል ‹አንድም በል እንጂ!› ይሉኛል። ሌላ ፍቺ ሳልፈልግ መች ያስነሱኝና!»

ማስተዋል ክው አለች።

እሷ የሒሳብ አስተማሪ ናት። «በዚህ ዘመን ግዕዝና ትርጓሜ ለማን ይጠቅማል?» እያለች ስትነዘንዛቸው ኖራ፣ ጉባኤ ቤቱን ሊዘጉት ቃል አስገብታቸው ነበር!

የኔታ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ልዝጋው፣ ልጄ?»

«ኧረ በማርያም! ተማሪዎቼን ይዤ ነው የምመጣው!»

ወገን... የአባቶቻችን ትምህርት ጸሎት ብቻ መስሎን ስንቶቻችን ንቀነዋል? ሰውን ማሰብ የሚያስለምድ ትምህርት እኮ ነው! ልጆቻችን ሳይንሱንም ይማሩ፣ ይሄንንም አይጡ።

እናንተስ የኔታ ዘንድ ተምራችኋል? ዛሬ በሥራችሁ ላይ የጠቀማችሁ ነገር ምንድን ነው? የኔታችሁን ስም ጠርታችሁ ጻፉልን፣ እናመስግናቸው!